የእማማ አሰገደች በር

በ1991 ዓ.ም. ጦርነቱ ከድንበር ያፈናቀላቸው ሰዎች ሀና ማርያም አካባቢ አንድ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ተጠልለው ነበር። ፎቶ አንሺዋ እድላዊት ምኞታቸውን በባዶ እጃቸው እንዲያሳዩ እየጠየቀች አንድ በአንድ ታነሳቸዋለች። ጨርቅ ነጋዴ የነበረው ሸምሱ በሌለ ሜትር የሌለ ጨርቅ ሲለካ፣ ሚስቱ "ለኔም ቀሚስ ቅደድልኝ እንጂ፣ ስስታም!" አለችውና ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ።

ሁሉም ስንዴ ሊቀበሉ ሲወጡ እማማ አሰገደች ብቻ ቀሩ።

"እርስዎስ፣ እማማ?"

"በር ነው የምመኘው፣ ልጄ። ማንም መጥቶ የማያስከፍተው።"

መውጫው ላይ በተንጠለጠለው ሸራ ፊት ቆመው፣ ቁልፍ እንደያዘ ሰው ባዶ ጣቶቻቸውን ሁለቴ አዞሩ። እድላዊት አነሳቻቸው። ከዚያ አመስግና ለመሄድ ተጣደፈች፤ ለቡ ሰፈር ለጎረቤቷ ትታው የመጣችው ሕፃን ልጇ የሚጠባበት ሰዓት አልፏል።

ሸራውን ገፋ አደረገችው። አልተነቃነቀም። በትከሻዋ ገፋችው። ቀዝቃዛና ጠጣር ነበር።

"እማማ፣ ይክፈቱልኝ! ልጄ ይራብብኛል።"

"አይዞሽ፣ ከእንግዲህ ማንም አይገባም" አሉና ምንጣፋቸው ላይ ጋደም አሉ።

ከውጭ የጎረቤቷ ድምፅ ተሰማ። "እድልዬ፣ አላስችል ቢለው ይዤልሽ መጣሁ። ኧረ ክፈቺ!" ሕፃኑ ያለቅሳል።

እማማ አሰገደች ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "መልስ እንዳትሰጪ፤ ያኔ ከቤታችን ሊያስወጡን ሲመጡም በልጅ ለቅሶ ነው ያስከፈቱን" አሉ።

ሸራው እንደ ሳንቃ ተንኳኳ።