ከሲ ወደ ዲ

ሌንጮ ከሰበታ ተነስቶ ቡራዩ የደረሰው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ፌኔት በሩን ከፈተችለት እንጂ ግባ አላለችውም።

«አከም ጅርታ?» ብሎ ሰላም አላት።

«ጫማህን ጥረግ» አለችው።

የአንድ አባት፣ የሁለት እናት ልጆች ናቸው። አባታቸው ኦቦ ገርባ ከሞቱ ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ ቤቱ የማን እንደሚሆን ግን ገና አልታወቀም። ሰውየው ከመሞታቸው በፊት ለጎረቤታቸው ለኦቦ ዲሪርሳ፣ «ኑዛዜዬን በድምፄ በስልኬ ቀድቻለሁ፤ ኮምፒውተሩም ላይ ይገኛል» ብለው ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በማግስቱ እሁድ ሁሉም ባለበት ሊከፍቱት ቀጠሩ። ስልኩን ኦቦ ዲሪርሳ ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። ኮምፒውተሩ አባቷን አምስት ዓመት ካስታመመችው ከፌኔት ዘንድ ቀረ።

ኮምፒውተሩ ሞልቶ የስልኩንም የእሱንም ፋይሎች በኢንተርኔት ከሚያስቀምጠው ከክላውዱ ጋር መገናኘት እንዳቆመ ለኦቦ ዲሪርሳ የነገረችው እሷው ናት። እሳቸው ግን ሥራውን ለሌንጮ ሰጡት፤ ሰበታ ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው።

«ለጅብ ሥጋ አደራ ይሰጣል?» ብላ ጮኻ ነበር።

«አጠገቡ ቁሚና ጠብቂ» አሏት።

ቆመች።

ሌንጮ ከቦርሳው ፍላሽ ሲያወጣ ከእጁ ነጠቀችው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«የአባዬ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር ከመነካቱ በፊት አንድ ቅጂ ይያዛል። ለጥንቃቄ ነው።»

«ጥንቃቄህን አውቀዋለሁ። ከዚህ ቤት አንዲት ነገር ይዘህ አትወጣም!»

ንዴቱን ዋጠ። ስልኩንና ኮምፒውተሩን የሚያመሳስለውን ሲንክ ለጊዜው አቆመ፤ ፎልደሩን ከሞላው የኮምፒውተሩ ክፍል ከሲ ወደ ባዶው ክፍል ወደ ዲ መገልበጥ ጀመረ።

«ዝም ብለሽ በማውስ ጎትተሽ ብታዛውሪው» አላት ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ «ክላውዱ ፋይሎቹ የጠፉ ሊመስለው ይችላል።»

«ከዚያስ?»

«ከሁሉም ቦታ ያጠፋቸዋል። ሲንክ ሲሠራ እዚህ የጠፋ ስልኩም ላይ ይጠፋል።»

«ተመልሶ አይገኝም?»

«የተጣለ ፋይል የሚቆይበት ቅርጫትም ባዶ ከተደረገ አለቀ።»

«እያስፈራራኸኝ ነው?»

«ጠየቅሽ፣ መለስኩ።»

ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ፌኔት ዓይኗን ከጣቶቹ ላይ አልነቀለችም። መገልበጡ ሲያልቅ ሌንጮ ቆጠራውን አሳያት፤ በሲም በዲም ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ፋይል። ለክላውዱ አዲሱን ቦታ አሳውቆ ሲንኩን መልሶ ከፈተው። መገናኘቱን የሚያሳዩ አረንጓዴ ምልክቶች እየተከታተሉ ብቅ ብቅ አሉ።

«ሲ ላይ ያለውን አሮጌውን ቅጂ ለሳምንት እንተወው» አለ።

«አሁኑኑ አጥፋው! የአባዬን ነገር በየጥጉ ልትበትነው ነው?»

ተንፍሶ ዓይኗ እያየ አጠፋው።

«ኑዛዜው የታለ?»

ጠቆማት። ሊከፍተው እጁን ሲሰድ እጁን በጥፊ መታችው።

«እሁድ ተብሏል!»

ሌንጮ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «ፌኔት፣ የቤቱ ነገር እንደፈለገ ይሁን። የአባዬን ድምፅ ብሰማ ይበቃኛል።»

«ሌባ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው» አለችና ፍላሹን እግሩ ሥር ወረወረችለት።

ሚኒባስ እስኪሳፈር በመስኮት አየችው። ከዚያ በሩን ቆልፋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና ኑዛዜውን ከፈተች። ስትሰማው ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። አባቷ «…ቤቱን ለልጄ ለሌንጮ…» ሲሉ አቆመችው፤ ማውሱን ይዛ ፋይሉን ወደ ቅርጫቱ ጎተተች፤ ቅርጫቱንም ባዶ አደረገች።

አመሻሹ ላይ ስልክ ደወለች። «ኦቦ ዲሪርሳ፣ ቶሎ ይድረሱልኝ! የፈራሁት አልቀረም፤ ሌንጮ የአባዬን ቃል አጥፍቶት ሄደ።»