የአባቱ መኪና

አባቱ የሞተው እሱ ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ነው፤ ውድድር ላይ መኪናው ተገልብጦ። ካደገ በኋላ የዚያኑ መኪና አምሳያ ተፈታትቶ በሳጥን እንደታሸገ ከውጭ አስመጣና ድሬዳዋ ግቢው ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ገጣጠመው። ከጎኑ ያልተለዩት ያሳደጉት እንጀራ አባቱ፣ ጋሽ ፍስሐጽዮን ነበሩ። ድሮ የአባቱ መካኒክ እሳቸው ነበሩ።

ሥራው ያለቀ ዕለት መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ። ሽማግሌው ተንበርክከው የፊት ጎማውን ዳዶ በቁልፍ አጠበቁ።

“ይቺ ከላላች ጎማው ይወልቃል” አሉ።

“የአባቴም ላልታ ነው እንዴ፣ ጋሼ?”

ሽማግሌው ቀና አላሉም።

“እኔ ነኝ ያላላኋት። እናትህን እወዳት ነበር።”

እናቱ በረንዳው ላይ ብቅ ብላ መኪናውን አየችና ፊቷ በደስታ በራ።

“ጋሼን አመሰገንካቸው?” አለችው።