ወፍ ወይስ የእሳት እራት?

አንዲት ትንሽዬ ነገር በረንዳችን ፊት ባለው የሮማን አበባ ላይ ክንፎቿን እያርገበገበች ታንዣብባለች።

«አባዬ፣ ወፏን አየሃት?» አልኩት።

ዕድሜውን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማረው አባቴ ኮስተር አለ።

«ምን ወፍ ናት? የእሳት እራት ናት እንጂ! አንቴናዋን አታዪም? አበባ ቀሳሚ ወፍ ብትሆን ቅርንጫፉ ላይ አርፋ ነበር የምትመጠው። ይቺ አየር ላይ እንደቆመች ነው።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ያለን ተሳስቶ መሆን አለበት።

ወዲያው ሌላ መጣችና ቅርንጫፉ ላይ አረፈች።

«ይቺስ?» አለኝ።

«አረፈች። ወፍ ናት።»

እንደ ድሮው ራሴን ዳበሰኝ።

«ጎበዝ!» አለና ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ። «ለመሆኑ አባትሽ ማን ይባላል?»