አሰልጣኟን ያስቀረሁበት ቀን

እውነቴን ነው። አንዲት ቃል ብጨምር የሚቀጥለው አውሎ ነፋስ የከተማውን ቤት ሁሉ ዘሎ የእኔን ጣሪያ ብቻ ነቅሎ ይውሰደው።

«ጻፊዋ!» እላታለሁ ፔትሪን። ፔትሪ ማለት የከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማለት ናት፤ አዘጋጇም፣ ፎቶ አንሺዋም፣ አዳይዋም እሷው። የትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ውስጥ ከኬኩ ጠረጴዛ አጠገብ ይዣታለሁ። ከኬኩ ጀርባ የእህቴ ልጅ ብሪንሊ የኮሌጁን ቀይ ኮፍያ ደፍታ፣ ብዕር ጨብጣ ተቀምጣለች። ትንሽ ቆይታ ትፈርምና የኮሌጁ ሶፍትቦል ቡድን ወርዋሪ ትሆናለች፤ ዱላ ለያዘችው መቺ ኳስ የምትወረውረው ማለት ነው፤ የትምህርቷንም ወጪ እነሱ ይችሉላታል። ከዘራችን እስከ ዛሬ ኮሌጅ የረገጥኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ጣሪያውን ላድስ።

«እንዴት መረጧት?» ትላለች ፔትሪ፤ ዓይኗ ግን ብሪንሊ ላይ ነው።

«እኔን ጠይቂኝ እንጂ! አሰልጣኟን በእጄ ይዤ ያስቀረኋት እኔ!»

እህቴ ሻርላ ኬኩን እየቆረጠች፣ «ጀመረው» ትላለች። «ፔትሪ፣ ወንበር ሳቢ። አይጨርስም።»

«አምና በሐምሌ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚያጣብቅበት ሙቀት፣ የኮሌጁ አሰልጣኝ ኬስለር ውድድሩን ልታይ መጣች። የእኛን ልጅ ብላ መሰለሽ? የተጋጣሚዎቻችንን ወርዋሪ ነው፤ ያችን የስልክ እንጨት የምታህለውን! ታጣፊ ወንበሯን ከሜዳው ሽቦ አጥር ጀርባ ዘረጋች፤ የፈለገቻትን አየችና ገና በሦስተኛው ዙር ወንበሯን ማጠፍ ጀመረች። ለብሪንሊ ብሎ የመጣ አሰልጣኝ ደግሞ አንድም የለም። ያች ሴት ሄደች ማለት አለቀ፤ ልጅቷን እንደ እናቷ ዶሮ ማረጃው ፋብሪካ ነው የሚቀበላት።»

«ዶሮ ማረጃው ምን አለበት?» ትላለች ሻርላ፣ ቢላዋዋን አቁማ።

«ለአንቺ ምንም። ለዶሮዎቹ ነው እንጂ።» ወደ ፔትሪ እመለሳለሁ። «ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የወንበሯን እግር ረገጥኩት! ‹እመቤቴ፣› አልኳት፣ ‹ያችን ልጅ ሳያዩ ወዴት ነው የሚሄዱት?› ዝም። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ የሚፈቀድበት ቀን እስኪደርስ አሰልጣኝ ከተጫዋች ቤተሰብ ጋር አይነጋገርም። አንዲት ቃል ከመለሰችልኝ ጉድ ፈላ! እኔ እንዳሻኝ እናገራለሁ፣ እሷ መመለስ አትችልም። ፔትሪ ሙች፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ለእኔ ተብሎ የወጣ ሕግ ያ ብቻ ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ አወራሁላት።»

«ምስኪን ሴትዮ» ይላል የሒሳብ መምህሩ ከኋላ፣ አፉ ኬክ ሞልቶ።

«ምስኪኖቹስ መቺዎቹ! ‹ይህች ልጅ ክንዷን ስታዞር የከተማው የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ብቻውን ይነፋል› አልኳት። ‹ኳሷን በዓይኗ ያየች መቺ ገና አልተወለደችም፤ ሽውታውን ሰምተው ነው የሚስቱት።› ይህን ስላት ብሪንሊ ወረወረች። አንዷ አየር መታች። ሌላዋ አየር መታች። ሦስተኛዋ ዱላዋን ጥላ ወደ እናቷ ሮጠች! ቡድኑ በሙሉ ሲያለቅስ ዳኛው ጭንብሉን አውልቆ ለብሪንሊ እጅ ነሳ።»

«ዳኛው?»

«ጎንበስ ብሎ!»

ሰው ከቦናል። ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። «በመጨረሻ አሰልጣኟ ተነሣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሕጉን ልትጥስ አፏን ስትከፍት፣ ‹ይተዉት እመቤቴ፣ እንጀራዎን ያጣሉ፤ ዓይንዎ ነግሮኛል› አልኳት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አለቀ! ያ ንቅነቃ ነው ዛሬ ኮፍያ ሆኖ ልጃችን አናት ላይ የተቀመጠው።»

ያጨበጭባሉ። እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ፤ ደስ ሲል ሰው ለራሱ ቢያጨበጭብ ነውር የለውም።

ብሪንሊ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ከልጅነቷም ድምፅ የላትም፤ ለመስማት ሁሉም ዝም ማለት አለበት።

«አጎቴ ሮይስ እዚያ አልነበረም» ትላለች።

«ኧረ ልጅት፣ በሰው ፊት—»

«አልነበርክማ።» ወደ ፔትሪ ትዞራለች። «በውድድር ላይ ስወረውር ለማየት ልቡ አይችልም። አንድም ጨዋታዬን አይቶ አያውቅም። ይነዳና ያደርሰኛል፤ ከዚያ ፒክአፑ ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ እስኪያልቅ ይቀመጣል። ያን ቀን ተሸንፈናል። ያለቀስኩትም እኔ ነኝ።»

ጂምናዚየሙ በሳቅ ይናጋል። ሻርላ ጠረጴዛውን ተደግፋ ትንከተከታለች።

«አሰልጣኟስ?» ትላለች ፔትሪ።

«ወንበሯን ስታጥፍ አንዲት ዘገምተኛ ኳስ ወረወርኩ፤ ስትመጣ ፈጣን የምትመስል፣ መቺዋ ጋ ስትደርስ የምትዘገይ። እሷን አይታ ቀረች። መደወል ሲፈቀድላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ ‹ያችን ኳስ ማን ነው ያስተማረሽ?› ብላ ነው። ‹አጎቴ› አልኳት። ከጣሪያ ሥራ ሲመለስ ጓሯችን ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና እስኪመሽ ኳሴን ይይዝልኛል። ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ። በረዶም ቢሆን። ሁለት ጣቱን ሰብሬበታለሁ፤ እናቴን እንኳ ‹ከመሰላል ወድቄ ነው› ነው ያላት።»

ሳቁ ቆሟል። ሻርላ ቀና ብላ እጄን ታያለች። ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።

«‹ከተመልካቾቹ መሐል የትኛው ነበር?› አለችኝ አሰልጣኟ። ‹ፒክአፑ ውስጥ ያለው› አልኳት።»

የምመልሰው አላጣም፤ እኔ ሮይስ ነኝ። አፌን እከፍታለሁ። ፔትሪ ግን ያን ሁሉ ሳወራ ያልነካችውን ብዕሯን ገና አሁን ከቦርሳዋ እያወጣች ነው።