ስግደት ቆጣሪው

«ከዚህች ድንጋይ ወዲያ ሴት አታልፍም አልኩሽ እኮ!» በረኛው አባ ባርሳውማ መቋሚያውን አግድም ዘረጋባት።

«እኔ መቼ ልለፍ አልኩ? ልጄን ብቻ ያስገቡልኝ፣ አባቴ!»

ሽሙኒ ትባላለች። ከአጳሜያ ገጠር ስድስት ቀን በእግሯ መጥታለች፤ መንገድ ላይ ተገናኝተን አብረን ነው የደረስነው። ልጇ ዛብዳ ገና ዓመት አልሞላውም። ትኩሳት ከያዘው ስምንተኛ ቀኑ ነው። በግንቡ ውስጥ ረጅም የድንጋይ አምድ ላይ የሚኖሩት አባት ባርከውት፣ ከአምዱ ሥር የታፈሰ የእምነት አፈር ቢቀባ እንደሚድን አልተጠራጠረችም።

ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንተ ወንድ ነህ» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ልጁን ደረቴ ላይ አደረገችው። «ስግደታቸውን እንደጨረሱ ጩህ። እንዳታፍር። የሽሙኒ ልጅ ነው በላቸው።»

«እጮኻለሁ» አልኳት።

ከግንቡ ውስጥ ሕዝቡ አንጋጦ ቆሟል። አባታችን አምዱ አናት ላይ ይሰግዳሉ፤ ግንባራቸው እስከ እግራቸው ጣት ይወርዳል፣ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይወርዳል። ስግደቱ ሳያልቅ ማንም አያናግራቸውም። ሰዉ ግን ይቆጥራል። እኔም ቁጥሩ ያስፈልገኝ ነበር፤ ኤዴሳ የቀሩት የገዳም ወንድሞቼ በተሳለምኩበት ሁሉ ያየሁትን ጽፌ እንድመጣላቸው አደራ ብለውኛል።

«ሦስት መቶ አሥራ አንድ!» አለ አጠገቤ የቆመ ግመል ነጂ።

«አሥራ ሁለት ነው» አልኩት።

«ተኝተህ ነበር እንዴ አንተ?»

«አንተ ስታስነጥስ አንዴ ሰግደዋል።»

«እኔ የማስነጥሰው በአፍንጫዬ ነው፣ ወዳጄ፤ በዓይኔ አይደለም!»

በዙሪያችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አራት መቶ ላይ ስንደርስ ተስማማን።

አራት መቶ ስድሳ ላይ የልጁ መቃተት እንደቆመ ልብ አልኩ። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጎንበስ አልኩ። ዓይኖቹ በግማሽ ተከፍተዋል። አንዲት ዝንብ የዓይኑ ጥግ ላይ አርፋለች፤ ሽፋሽፍቱ አይንቀሳቀስም።

«የሽሙኒ ልጅ!» ብዬ ጮኽኩ። «አባታችን፣ የሽሙኒ ልጅ!»

«ዝም በል፣ ቁጥር አጠፋህብን!» አለ ግመል ነጂው። ወዲያው ልጁን አየና አፉን በእጁ ያዘ።

ላይ ያሉት አባት አልሰሙኝም። ተንበርክኬ ከአምዱ ሥር እምነት አፈስኩ፤ ግንባሩን ቀባሁት፣ ደረቱን ቀባሁት፣ እንደገና ግንባሩን ቀባሁት።

ስወጣ ሽሙኒ ከድንጋይዋ ጫፍ አልተነቃነቀችም። ግንባሩ ላይ ያለውን እምነት ስታይ ፊቷ በራ።

«ባረኩት?»

ልጁን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ርቦታል፣ አምጣው» አለች። ነጠቀችኝና መሬት ላይ ተቀምጣ ጡቷን አጎረሰችው። ወተቱ በአገጩ ወረደ። በጣቷ ጠርጋ መልሳ አፉ ውስጥ አደረገችለት።