ለተከራይ የማይሰጥ እራት

ዱጋሳ ፍሎሪዳ ወዳለው የመዝናኛ ሪዞርት የደወለበትን ስልክ ዘጋና ሳይበላ ከሠርግ ቤት እንደተመለሰ ሰው ኩምሽሽ አለ። ከሥራ ባልደረባው የሪዞርት ፖይንት፣ ማለትም እዚያ ጥቂት ቀን የማደር መብት፣ የተከራየው ለአልጋው ብሎ አልነበረም፤ የሁለት ሰው ነፃ እራት አለው ስለተባለ ነው። እሱ የማታ፣ ሚስቱ ፈነት የቀን ሺፍት ሆነው፣ አንድ ገበታ ከቀረቡ ስንት ጊዜያቸው!

«እራቱ ለፖይንቱ ባለቤት እንጂ ለተከራይ አይሰጥም አሉኝ» አላት፣ እሷ ከሥራ ስትገባ እሱ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለአንድ እራት ከዚህ ከሜፕልዉድ ፍሎሪዳ ድረስ ልታንከራትተኝ ነበር?» አለችና ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጡን አሙቃ በአንድ ትሪ አቀረበች። «ና ቁጭ በል፤ የእኔ ለተከራይም ይፈቀዳል።»

ዱጋሳ አለቃው ጋ ደውሎ «ዛሬ ትንሽ አረፍዳለሁ» አለ። ለምን ሲባል ግን መመለስ አልቻለም፤ አፉ ሞልቶ ነበር።