ተጣሞ የተለጠፈ

ነፍሰ ጡር ጠጣች ሲባል ለፍርድ የምትሽቀዳደሙ ሁሉ፣ ማን እንደሰጣት አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

በቢራ ፋብሪካው መዋዕለ ሕፃናት አዳራሽ ውስጥ የሚጠይቅ የለም። ወላጆቹ ለሕፃን በተሠሩ ወንበሮች ላይ ተኮራምተዋል። ዳይሬክተሯ ማይክ ይዛ ቆማለች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ብቻ እንደ ሰው በሚያስቀምጥ ወንበር ላይ ተደላድሎ ያዳምጣል።

"ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንድ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል" ትላለች ዳይሬክተሯ። "ስም አልጠራም።"

መጥራት አያስፈልጋትም። አንገት ሁሉ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ልጇን አቅፋ ወደተቀመጠችው፣ በፋብሪካው ጠርሙስ ላይ ወረቀት ወደምትለጥፈው ለጣፊ። ልጇ አቡሽ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሰውነቱ ግን ከሦስት አላለፈም። የእናቱን ሹራብ ቁልፍ ከቀዳዳው ጋር ለማገናኘት ይታገላል። ሲያቅተው ቁልፉን ይነክሰዋል። ጠዋት የተማረው ቀትር ላይ ከራሱ ይጠፋል፤ ደወል ሲደወል ጠረጴዛ ሥር ይገባል። የእናቱን ጆሮ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ከዚህ ከተባረረ እሷ ሥራ በዋለች ቁጥር በር ተቆልፎበት ሊውል ነው።

"በዚህ ወንበር ያስቀመጡን እኛንም እንደገና ሊያሳድጉን ነው መሰለኝ" ትላለች ከጎኗ ያለችው ጓደኛዋ፣ ጠርሙስ የምትከድነው። ልታስቃት ነበር። ለጣፊዋ አትስቅም።

"እኛ ያላደረግነው የለም" ዳይሬክተሯ ትቀጥላለች። "ሐኪሙ ግን ነግሮናል። እናትየው በእርግዝናዋ ትጠጣ ነበር።"

ሥራ አስኪያጁ በሐዘኔታ ራሱን ይነቀንቃል። "እናት በገዛ ልጇ ላይ እንዴት ይሄን ያህል ትጨክናለች?"

ለጣፊዋ ልጇን ታቅፋ ትነሳለች።

"ጠጥቻለሁ።" የማሽን ጩኸት ያሠለጠነው ጉሮሮ ማይክ አይፈልግም። "ወረቀቱ ተጣሞ የተለጠፈበት ጠርሙስ ገበያ አይወጣም፤ እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ፈረቃ ሲያልቅ በትርፍ ሰዓት ክፍያ ፋንታ እሱን ነበር የምታድሉን። አዳዩ እርስዎ ነበሩ፤ ያኔ የፈረቃ አለቃችን ነበሩ።"

"እህቴ፣ ይሄ የወላጆች ስብሰባ ነው" ይላል ሥራ አስኪያጁ።

"እኔም ወላጅ ነኝ። ሆዴ ሲገፋ መጥቼ በገንዘብ ይሁንልኝ ብዬ ለመንኩዎት። ምን አሉኝ?"

ሰውየው ሰዓቱን ያያል።

"'ጠጪው፣ ለነፍሰ ጡር ደም ይሆናል' አሏት" ትላለች ጓደኛዋ ከወንበሯ ሳትነሳ። "አጠገቧ ነበርኩ። እኔም ሳረግዝ ብለውኛል። እኔን ሽታው ስለሚያስመልሰኝ ነው የተረፍኩት።"

አንድ ሰው ሳቅ ያመልጠውና አፉን ይይዛል። ሌሎቹ ወንዶች ጫማቸውን ያያሉ። ማታ ማታ ያንኑ ጠርሙስ በብብታቸው ይዘው ይወጡ የነበሩ ናቸው።

"ከዚያ ለመድኩት" ትላለች ለጣፊዋ። ድምፅዋ ዝቅ ይላል። "በኋላ ሳይሰጡኝም ራሴ እየሄድኩ ለመንኩ። የመጠጣቴን ዕዳ ለልጄ ዕድሜ ልኬን እከፍላለሁ፤ ማንም እንዲያግዘኝ አልፈልግም።"

አቡሽ የቅድሙ ጩኸት አስፈርቶት ጆሮዋን ጭምድድ አድርጎ ይዟል። ያማታል፤ አታስለቅቀውም። በጠባቦቹ ወንበሮች መሃል አልፋ ከዳይሬክተሯ እጅ ማይኩን ትወስድና ሥራ አስኪያጁ ፊት ትይዘዋለች።

"የተጣመመውን ወደ ቤት ውሰዱ ትሉን ነበር። ዛሬም ይኸው ውሰጂ እያላችሁኝ ነው። እወስደዋለሁ፣ የኔ ነው። እርስዎ ግን ማን እንደሰጠኝ በዚህ ማይክ ይናገሩ። ሁሉም ይስማ።"